የአንባቢያን ጥያቄ፦ 200 ኪሎ ሜትር ማን ወርዶ አየው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ፉሪ አካባቢ የሰባተኛ ክፍል የሳይንስ መምህርት ነኝ። ተራራው ላይ የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ እንዳለ ልጆቹ ሰምተው «ወርቅ ነው የሚፈልጉት?» እያሉ ይጠይቁኛል። በቅርቡ ደግሞ «ከደቡብ አፍሪካ ሥር ቀዝቃዛና ጠንካራ ዐለት እስከ 200 ኪሎ ሜትር ይወርዳል፣ ከኢትዮጵያ ሥር ያለው ግን ትኩስ ነው» የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ሰው እስከ ዛሬ የቆፈረው ትልቁ ጥልቀት ከ12 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ታዲያ 200ውን ማን ወርዶ አየው? ደግሞስ ቀዝቃዛ ዐለት ከባድ አይደለም እንዴ? ለምን አይሰምጥም?
ት.፣ ከፉሪ

መልስ፦ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሥራዬ መመዝገቢያ መትከልና መጠገን ነበርና ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት።

በመጀመሪያ ወርቅ አይደለም በያቸው። የፉሪ ጣቢያ በዓለም ዙሪያ ከተዘረጋው የመንቀጥቀጥ መመዝገቢያ መረብ አንዱ ነው፤ መሬቱ የሚያደርገውን እያንዳንዷን ንቅናቄ ቀን ከሌት ይጽፋል። ከእሱ በፊት አራት ኪሎ ያለው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1957–58 ከተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጋር ተያይዞ የተመሠረተና ካናዳዊው ካህን ፒየር ጉዌን ለረጅም ጊዜ የመሩት። ነገር ግን እንዲህ ያለ መሣሪያ ጸጥታ ይፈልጋል፤ መሃል ከተማ ደግሞ ጸጥታ የለም።

አሁን ወደ «ማን አየው» እንምጣ። ገበያ ወጥተሽ ድስት ወይም ጀበና ስትገዢ ምን ታደርጊያለሽ? ጣትሽን አጥፈሽ መታ መታ። ደህናው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። ሰብረሽ ውስጡን አላየሽም፤ ግን አውቀሻል። እኛም ምድርን የምናውቃት አንኳኩተን ነው፤ የሚያንኳኳልን ደግሞ ሩቅ አገር የሚነሳ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው።

አንድ ሌሊት ልጥቀስልሽ። ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. እሑድ ሌሊት፣ ለ10 ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ ሱማትራ አጠገብ ያ ታላቁ መንቀጥቀጥ ተነሳ። እዚህ ቅዳሴ ለመድረስ የሚነሱ ሰዎች ነጠላቸውን የሚያነሱበት ሰዓት ነው። ከ6,300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ነው። የመጀመሪያው ሞገድ፣ በሙያው ፒ የሚባለው፣ ምድርን በውስጧ አቋርጦ ከእግራችን ሥር ለመድረስ 10 ደቂቃ እንኳ አይሞላውም። ሁለተኛው፣ ኤስ የሚባለው፣ ዐለቱን ወደ ጎን እያወዛወዘ ስለሚሄድ ዘገምተኛ ነው፤ 17 ደቂቃ ተኩል ያህል ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ በምድር ገጽ ላይ እየተንከባለሉ የሚመጡት ረጃጅሞቹ ሞገዶች ይከተላሉ። ማንም ከእንቅልፉ አልነቃም። መሣሪያ ግን ይህን ሁሉ ይሰማል።

ርቀቱ ይታወቃል፣ የተነሳበት ሰዓት ይታወቃል፤ ስለዚህ ሞገዱ ስንት ሰዓት ከስንት ሰከንድ ላይ «መድረስ እንደነበረበት» ማስላት ይቻላል። ነገሩ ሁሉ ያለው በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው። ደቡብ አፍሪካ ላይ ሞገዱ ከታሰበው ሰዓት ቀደም ብሎ ይገባል። እኛ ዘንድ ይዘገያል፤ ያውም አዲስ አበባ ላይ የሚታየው መዘግየት በዓለም ካሉት ጣቢያዎች ከፍተኛ ከሚባሉት ውስጥ ነው።

ለምን? ቅቤን አስቢ። በጥቅምት ብርድ ጠዋት ላይ ቅል ውስጥ ያለ ቅቤ ማንኪያ አያስገባም። ቀትር ላይ ፀሐይ ሲያገኘው አልቀለጠም፣ ግን ላልቷል። ከምድር ቅርፊት በታች ያለው ወፍራሙ የዐለት ክፍል፣ ማንትል የምንለው፣ እንደዚሁ ነው። ልጆቹ ፈሳሽ እንዳይመስላቸው አደራ፤ ጠጣር ዐለት ነው። ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፣ ሞገድ ይፈጥንበታል፤ ሲሞቅ ይላላል፣ ሞገድ ይዘገይበታል። ካፕቫል ከሚባለው የደቡብ አፍሪካ ጥንታዊ መሬት ሥር የኤስ ሞገድ በሰከንድ ወደ 4.7 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከኛ ስምጥ ሸለቆ ሥር 4.2 አካባቢ፣ አንዳንድ ቦታ ከዚያም በታች ነው። አንድ 150 ኪሎ ሜትር ውፍረት ያለው ዐለት ብትወስጂ፣ አንደኛው 32 ሰከንድ፣ ሌላው 36 ሰከንድ ይፈጃል። አራት ሰከንድ ለሌላ ሰው ምንም ነው። የሰከንድ ክፍልፋይ እየለካ ለሚውል ሰው ግን አገር ያህላል። ያ ሁሉ መዘግየት ከሙቀት ብቻ እንደማይመጣና ከኛ ሥር ጥቂት የቀለጠ ዐለት በጠጣሩ መሃል እንዳለም ጥናቶች ያሳያሉ።

«ዘገየ ማለት የት ቦታ ዘገየ?» ብለው ልጆችሽ ከጠየቁሽ ጎበዞች ናቸው። የታክሲ ምሳሌ ስጫቸው። ከሰበታ ወደ ሜክሲኮ የተነሳው ታክሲ ዘገየ። ከአለም ገና የተነሳውም ዘገየ። ከአየር ጤና የተነሳው ግን በሰዓቱ ገባ። ማንም ሳይነግርሽ መንገዱ የተዘጋው ከአለም ገናና ከአየር ጤና መሃል እንደሆነ ታውቂያለሽ። ሞገዶችም ከሂንዱ ኩሽ፣ ከኢንዶኔዥያ፣ ከደቡብ አሜሪካ፣ ከየአቅጣጫው እየመጡ ከሥራችን ይተላለፋሉ። ብዙ ጣቢያ ካለ፣ ብዙ መንገድ ይቆራረጣል፤ የዘገዩት ሁሉ የሚጋሩት ቦታ ቀስ በቀስ ሥዕል ይሆናል። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 1999 በደቡብ አፍሪካ፣ በቦትስዋናና በዚምባብዌ ወደ 80 የሚጠጉ ቦታዎች ላይ ጊዜያዊ መመዝገቢያዎች የተተከሉት። እኛም ዘንድ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ባሉት ጥቂት ዓመታት ከደጋው እስከ ስምጥ ሸለቆው ድረስ በብዛት ተተክለው ነበር። ከካፕቫል ሥር ሞገድ የሚፈጥንበት ዐለት ቢያንስ እስከ 200 ኪሎ ሜትር እንደሚወርድ የታየው በዚህ መንገድ ነው።

እዚህ ላይ ከራሴ የደረሰብኝን ልንገርሽ፤ ጸጥታ ለምን እንደሚፈለግ ከዚህ የተሻለ ማስረዳት አልችልም። አንድ ጊዜ ከሰበታ ወጣ ብሎ ባለ የገበሬ ግቢ ውስጥ ለጊዜያዊ ጥናት መሣሪያ ተከልኩ። ጉድጓዱን አንድ ሜትር ያህል አስቆፈርኩ። ታቹን ሲሚንቶ አፍስሼ እስኪደርቅ ጠበቅኩ። በኮምፓስ ሰሜንን ይዤ፣ በውኃ ልክ አስተካክዬ፣ የብርድና የሙቀት ለውጥ እንዳይነካው ፎም አልብሼ፣ አፈሩን መለስኩ። የግቢው እመቤት ቡና አፍልተው መርቀው ሸኙኝ። ከሁለት ወር በኋላ ተመልሼ መረጃውን ስከፍት፣ ሌሊት ሌሊት እንደ ፀጉር የቀጠነው መስመር ጠዋት ከ2 ሰዓት ጀምሮ እንደ ገመድ ወፍሯል፣ እስከ 11 ሰዓትም አይለቅም። ቀና ብዬ ሳዳምጥ ከአጥሩ ጀርባ ወፍጮ ይፈጫል። ተክዬ በሄድኩ በሳምንቱ ነው የተከፈተው። «ጠይቀኸን ቢሆን መሠረቱ ሲጣል እናይ ስለነበር እንነግርህ ነበር» አሉኝ እመቤቲቱ። እውነታቸውን ነው፤ አልጠየቅኳቸውም። የቀኑ ስስ የፒ ሞገድ ሁሉ በወፍጮው ተውጦ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ጉድጓድ ከማስቆፈሬ በፊት አካባቢው ምን ሊሠራበት እንደታሰበ የማልጠይቀው ሰው አልነበረም። ባሕር ዛፍም ራቅ ማለት አለበት፤ ነፋስ ግንዱን ሲወዘውዘው ሥሩ መሬቱን ይወዘውዛል፣ መሣሪያው ያንን ይጽፋል።

የዚያን ጊዜ ያላጣኋቸው ረጃጅሞቹን ሞገዶች ነው። ወፍጮ ቶሎ ቶሎ ነው የሚያርገበግበው፤ እነሱ ግን አንዴ ከፍ ብሎ ዝቅ ለማለት 50 ወይም 100 ሰከንድ ይወስዳሉ፣ ስለዚህ አበጥሮ መለየት ይቻላል። ስለ ጥልቀትም በደንብ የሚነግሩን እነሱ ናቸው። ለገዳዲ ግድብ ዳር ቆመሽ ታውቂያለሽ? ትንንሹ ሽብሽብታ የላዩን ውኃ ብቻ ይነካል፤ ረጅም ሞገድ ሲመጣ ግን ከታች ያለውም ይንቀሳቀሳል። የምድር ገጽ ሞገድም እንደዚያው ነው። 20 ሰከንድ የሚፈጀው በአብዛኛው ቅርፊቱን ይዳስሳል፤ 100 ሰከንድ የሚፈጀው እስከ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለውን ማንትል ይዳስሳል። የእያንዳንዱን ፍጥነት ለየብቻ ስትለኪ፣ ሽንኩርት እንደመላጥ ድርብርቡን አንድ በአንድ ታገኚዋለሽ።

ሌላም አለ። ማንትልን በብዛት የሠራው ኦሊቪን የሚባል አረንጓዴ ማዕድን ነው። ዐለቱ ለረጅም ዘመን ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሳብ የኦሊቪን ቅንጣቶች እንደ እንጨት ጭረት ይሰለፋሉ። እንጨት ፈላጭ መጥረቢያውን በጭረቱ በኩል ሲያሳርፍ ቶሎ ይሰነጠቅለታል፤ ሞገድም በጭረቱ በኩል ይፈጥናል። ከኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ሥር ጭረቱ ሸለቆውን ተከትሎ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይሄዳል።

አሁን ለምን አይሰምጥም ላልሽው። ጥያቄሽ ትክክለኛ ነው፤ ቀዝቃዛ ዐለት ከትኩሱ ይከብዳል። ብርድ ብቻ ቢሆን ኖሮ የካፕቫል ሥር ተገንጥሎ መስመጥ ነበረበት፤ ግን ከ2.5 ቢሊዮን ዓመት በላይ አብሮ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1975 አሜሪካዊው ቶማስ ጆርዳን ያቀረበው መልስ እስከ ዛሬ የቆመ ነው፦ ዐለቱ ቀዝቃዛ ብቻ ሳይሆን ሥሪቱም የተለየ ነው። ኑግ ዘይቱ ሲጨመቅ ፋጉሎው ይቀራል። ፋጉሎ ደረቅና ግትር ነው፤ ብታሺው አይለሰልስም። ምድር ከዛሬው ይበልጥ ትሞቅ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ከማንትል ብዙ ቅልጥ ዐለት ተጨምቆ ወደ ላይ ወጣ። ቅልጡ ከብረቱ ከፊሉን፣ ከውኃውም አብዛኛውን ይዞ ሄደ። የቀረው ፋጉሎ ብረቱ ስላነሰው ቀለለ፣ ውኃ ስለሌለው ጠነከረ። ብርዱ ያከበደውን ያህል ሥሪቱ አቀለለው፤ ሁለቱ ተቻቻሉና ተንሳፎ ቀረ።

ይህ ግምት ብቻ እንዳይመስልሽ። ኪምበርሊ የሚባለው የደቡብ አፍሪካ የአልማዝ ከተማ የቆመበት ምድር ውስጥ፣ ከጥልቅ የተተኮሱ የጥንት እሳተ ገሞራ ቧንቧዎች አሉ። ሲወጡ ከመንገዳቸው የዐለት ቁራጭ እየገነጠሉ ይዘው መጥተዋል፤ አልማዙም የመጣው በዚሁ ጭነት ነው። አልማዝ የሚሠራው 150 ኪሎ ሜትር ገደማና ከዚያ በታች፣ ዐለቱ ለጥልቀቱ ቀዝቀዝ ያለ ሲሆን ነው፣ አንዳንዱም ዕድሜው ከ3 ቢሊዮን ዓመት ይበልጣል። ይህ ማለት በዚያ ዘመን እንኳ ሥሩ እዚያ ድረስ ቀዝቅዞ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለ አንድ ቁራጭ በእጄ ይዤ አውቃለሁ፤ የእንቁላል ያህላል። ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ሆኖ፣ መሃል መሃሉን ሮማን ፍሬ የመሰለ ቀይ ጋርኔት ነጠብጣብ አለበት። ሞገድ ሲነግረኝ የኖረው ነገር መዳፌ ላይ ሲቀመጥ ምን እንደተሰማኝ ልነግርሽ አልችልም፤ ለብዙ ደቂቃ አልመለስኩትም።

እኛስ? የኛ መሬት በዚህ ሚዛን ልጅ ነው። በወለጋና በአዶላ ብቅ የሚለው መሠረት ዐለት በአብዛኛው ከ500 እስከ 900 ሚሊዮን ዓመት ቢሆነው ነው። ደጋውን የሸፈነው ጥቁሩ ባዛልት ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። አንቺ የምታስተምሪበት ፉሪ ራሱ ጥቂት ሚሊዮን ዓመት የሆነው የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። ከሥራችን ያለውን ሙቀት ብዙ ተመራማሪዎች ከደቡባዊ አፍሪካ ሥር፣ 2,900 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ከሚጀምርና ወደኛ እያዘነበለ ከሚወጣ ግዙፍ የዘገምተኛ ሞገድ ቀጠና ጋር ያገናኙታል።

ከሁሉ የምወደውን ላስከትል። ካርታ ላይ ስምጥ ሸለቆውን በጣትሽ ወደ ደቡብ ተከተይ። ኬንያና ኡጋንዳ ጋ ሲደርስ ሁለት ቦታ ይከፈልና ቪክቶሪያ ሐይቅን በምሥራቅና በምዕራብ ከቦ ይወርዳል። መሃል ላይ የተረፈው የታንዛኒያ ጥንታዊ መሬት ነው፤ እሱም እንደ ካፕቫል ቀዝቃዛና ጠንካራ ሥር አለው። አፍሪካን የሚሰነጥቀው ኃይል እዚያ ደርሶ መሃሉን መሰንጠቅ አልቻለም፣ ዳር ዳሩን ዞረ። እንጨት ፈላጭ ጉጥ ሲያጋጥመው እንደሚያደርገው ማለት ነው። ልጆችሽ ካርታውን ከፍተው በገዛ ጣታቸው ይሂዱበት።

ጥያቄ፦ ቆዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር የአዋሽ ፈንታሌው መንቀጥቀጥ ሌሊት ሌሊት ሲያወዛውዘን ልጆች ይዘን ደረጃ ላይ አደርን። ይህን ሁሉ ጥልቀት የሚያጠኑ ሰዎች ቀጣዩ መቼ እንደሆነ ለምን አይነግሩንም?
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ እመቤቴ፣ ያን ሌሊት እኔም ነቅቼ ነበር፤ ጭንቀትዎ ይገባኛል። ቀንና ሰዓቱን መናገር የሚችል ሰው በዓለም ላይ የለም። እችላለሁ የሚል ካጋጠመዎት አይመኑት። የማንትል ጥናት የሚነግረን መንቀጥቀጡ ለምን ስምጥ ሸለቆው ውስጥና ዳር ዳሩን እንደሚበዛ ነው። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ወር ካራ ቆሬን የመታውና ማጀቴን ያፈረሰው መንቀጥቀጥም ከዚሁ ዳር ነው የተነሳው፤ ካራ ቆሬ ስል የአየር ጤናውን ሳይሆን ወደ ደሴ መንገድ ያለውን ነው። ቤትዎ ውስጥ ማድረግ የሚችሉት ግን አለ። ቁም ሳጥንና ቴሌቪዥን ግድግዳ ላይ ይታሰሩ፣ ከልጆች አልጋ ራስጌ ከባድ ነገር አይኑር። ሲወዛወዝ ወደ ደረጃና ወደ ሊፍት አይሩጡ፤ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብታችሁ ያዙት፣ ሲቆም ትወጣላችሁ።

ሌላም ነገር ልጨምርልዎት፤ ፍርሃት ይቀንሳል። መጀመሪያ ድቅ የሚያደርገው ፒ፣ ቀጥሎ የሚያወዛውዘው ኤስ ነው። በመሃላቸው ያለውን ሰከንድ ቆጥረው በ8 ቢያባዙት መነሻው በኪሎ ሜትር ስንት እንደሚርቅ በግምት ያገኛሉ። ከፈንታሌ ወደኛ 17 ሰከንድ ገደማ ይመጣል። ፒው ስስ ስለሆነ ሁልጊዜ አይሰማም፤ ከተሰማ ግን ከልጆቹ ጋር ይቁጠሩት።

ጥያቄ፦ የፍል ውኃ ሙቀት የሚመጣው ከዚያ ትኩስ ማንትል ነው ማለት ነው? ከሱሉልታ

መልስ፦ በቀጥታ አይደለም። ማንትል አዲስ አበባ አካባቢ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ ነው የሚጀምረው፤ ውኃው ያን ያህል አይወርድም። የዘነበ ዝናብ ነው፤ በመሬት ስንጥቅ ውስጥ ሰርጎ፣ ጥልቅ ያለው ዐለት አሙቆት፣ በዚያው ስንጥቅ ተመልሶ ይወጣል። ዐለቱ ከሌላ አገር ይልቅ እኛ ዘንድ ቅርብ ላይ የሚሞቀው ግን ከሥር ያለው ማንትል ትኩስ ስለሆነ ነው፤ በዚህ በኩል ግምትዎ ትክክል ነው።